ቁርጥማት ሁሉ ከብርድ አይመጣም

(ለጎልማሶች ትምህርት በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ)

በሺሺንዳና በዙሪያዋ፣ በጊምቦ፣ በጨና፣ በዴቻ ያላችሁ፣ ቡና ስትለቅሙ ውላችሁ አሁን እሳት ዳር የተቀመጣችሁ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ለማታ ትምህርት የተሰበሰባችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ? የዛሬው ንግግራችን ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ኋላ በወረቀት ታትሞ ሲደርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ ቆም እያልሁ እፈታዋለሁ።

መገጣጠሚያ ማለት አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጉልበት መገጣጠሚያ ነው። ክርን መገጣጠሚያ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓ፣ የጣት አንጓ፣ እነዚህ ሁሉ መገጣጠሚያዎች ናቸው። በውስጣቸው ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ፈሳሽ ያወጣል። በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ጣታችን ሳይንቋቋ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ይህ ስስ ሽፋን ሲቆጣ ያብጣል። መገጣጠሚያው ይሞቃል፣ ያማል፣ አልታጠፍም ይላል።

በአገራችን እንዲህ ያለው ሕመም ቁርጥማት ይባላል። ሪህ የሚለውም አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ብርድ መቶኝ ነው።» «በላቤ ውሃ ነክቼ ነው።» «ምች ነው።» የእኛ አገር ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ ብርድን መክሰስ ቀላል ነው። በእርግጥ የታመመ መገጣጠሚያ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ሊሰማን ይችላል። በሽታውን የሚፈጥረው ግን ብርድ አይደለም። ብርድ ቢሆንማ ኖሮ ደገኛ ሁሉ በታመመ፣ በቆላ የሚኖር ሰው ደግሞ ቁርጥማት የሚባል ነገር ባላወቀ ነበር። በድሬዳዋ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ድሬዳዋ ሙቀቷ የታወቀ ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በዚያች ከተማ ሰው በድንገት በኃይለኛ ትኩሳት ይያዝ ጀመር። ራስ ምታት አለው። ሽፍታ የሚወጣበትም አለ። ከሁሉ የባሰው ግን የመገጣጠሚያው ሕመም ነበር። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ አንጓ፣ ጣት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይያዛል። ትናንት ሸክም ሲሸከም የነበረ ጎልማሳ ዛሬ ከአልጋ ለመውረድ ደጋፊ ይፈልጋል። ሕመሙ ከቤት ወደ ቤት፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ተዛመተ። እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በበሽታው የተጠረጠሩት ሰዎች ቁጥር ከ40 ሺህ በላይ ደረሰ። በዚያ ሙቀት ይህን ሁሉ ሰው ያስነከሰው ብርድ ነው ብሎ ማን ይናገራል?

የበሽታው ስም ቺኩንጉኒያ ይባላል። ስሙ ለምላስ ያስቸግራል፤ እስቲ በክፍል በክፍሉ አንብቡት፦ ቺ-ኩን-ጉ-ኒያ። ቃሉ የማኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ማኮንዴዎች በደቡብ ታንዛኒያና በሞዛምቢክ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። በሽታው በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀው ከ1944 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1945 ዓ.ም. በእነሱ አገር በተነሣ ጊዜ ነው። ትርጉሙ «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው። የታመመ ሰው ከሕመሙ ጽናት የተነሣ ጎብጦ ስለሚሄድ ነው እንዲህ የተባለው። ገበሬ ለበሽታ ስም ሲያወጣ ያየውን ነው የሚናገረው፤ እኔ እንዲህ ያለው ስም ከሐኪም ስም ይበልጥ ይገባኛል።

በእኛ አገር ቺኩንጉኒያ ከድሬዳዋ በፊትም ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ አካባቢ ተገኝቶ ነበር። ከዚያም በፊት በ1996 ዓ.ም. በኬንያ የባሕር ዳርቻ ላሙ በምትባል ደሴት ላይ ተነሥቶ ከነዋሪው አብዛኛውን ይዟል። ከላሙ ተነሥቶ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ተዛመተ። ሬዩኒዮን በምትባለው ደሴት ከሕዝቡ ሢሶው ገደማ ታመመ። ከዚያ ሕንድ አገር ገባ።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ምንድን ነው? በዓይን የማይታይ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ በምናውቀው ተራ ማይክሮስኮፕም የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ብቻውን አይራባም። ሕይወት ባለው አካል ውስጥ ገብቶ ብቻ ነው የሚራባው። ጉንፋን በቫይረስ ይመጣል። ኩፍኝ በቫይረስ ይመጣል። የቺኩንጉኒያን ቫይረስ ከታመመው ወደ ጤነኛው የምታሻግረው ትንኝ ናት።

ይህች ትንኝ ግን የወባዋ ትንኝ አይደለችም። የወባዋ ትንኝ ሌሊት ነው የምትናከስ። ይህችኛዋ በቀን፣ በተለይ በጧትና ወደ ማታ ገደማ ትናከሳለች። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። የወባዋ በኩሬና በረግረግ ትራባለች። ይህችኛዋ ግን ሰው ቤት ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። በርሜል፣ ጀሪካን፣ እንስራ፣ የተጣለ ጎማ፣ ውሃ የቋጠረ ጣሳ፣ ይህ ሁሉ ቤቷ ነው። በላሙ በሽታው በተነሣበት ጊዜ ድርቅ ነበር። ሰው ውሃ ስላጠረው በየቤቱ አጠራቀመ፤ ትንኟም በየቤቱ ተራባች። ድሬዳዋም ውሃ የሚያጥራት፣ ሰው በበርሜል የሚያጠራቅምባት ከተማ ናት። ዝናብ የበዛበት ቦታ ብቻ ነው ትንኝ ያለው የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ልብ እንበል።

እንግዲህ ሺሺንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ይህ የቆላ ነገር ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ሰው ይጓዛል። ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለትምህርት ወደ ቆላ የሚወርድ የቤተሰብ ሰው የሌለው ማን ነው? በተጨማሪም የእኛ አካባቢ አዛውንት በትንኝ የሚመጣ ቫይረስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። ቢጫ ወባ ስሙ ወባ ይሁን እንጂ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ያን ጊዜ ካሻገሩት ትንኞች አንዷ በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚቋጠር ውሃ የምትራባው ነበረች። እንሰት ጓሮው ያልበቀለ ካፋ አለ? ቢጫ ወባ መገጣጠሚያ አያሽመደምድም፤ ያነሣሁት ውሃ፣ ትንኝና ቫይረስ ከእኛም ደጅ ሩቅ እንዳልሆኑ ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቺኩንጉኒያ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። አብዛኛው ሰው የመገጣጠሚያ ሕመሙም ቀስ በቀስ ይተወዋል። ከፊሉ ግን ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት መገጣጠሚያው ሲያብጥና ሲያመው ይኖራል። ቫይረሱ ከደም ጠፍቷል። ትኩሳት የለም። ሕመሙ ግን አለ። ይህ ለምን ይሆናል?

መልሱን ለማግኘት ንብ እንይ። በካፋ ንብን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ምሳሌው አይከብዳችሁም። ሌባ ሌሊት መጥቶ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ነካ እንበል። ንቦቹ ይቆጣሉ። ሌባውን ይነድፋሉ። ይህ ትክክለኛ ሥራቸው ነው፤ እንዲህ ባያደርጉ ማርም ቀፎም አይተርፍም። ሌባው ሸሸ። ንቦቹ ግን ወዲያው አይመለሱም። በዚያ በኩል ያለፈውን ጥጃ ይነድፋሉ። ውሃ ቀድቶ የሚመለሰውን ልጅ ይነድፋሉ። ባለቀፎውን ራሱን ይነድፋሉ።

በሰውነታችን ውስጥም ጠባቂዎች አሉ። በደም ውስጥ ይዞራሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። ሕዋስ ማለት ሰውነታችን የተሠራበት በጣም ትንሽ ክፍል ነው፤ ቤት በጡብ እንደሚሠራ ሰውነትም በሕዋሳት ይሠራል። ጠባቂዎቹ ሕዋሳት ቫይረስ ሲገባ አውቀው ይዋጉታል። ትኩሳቱ ራሱ የውጊያው ምልክት ነው። የመገጣጠሚያው እብጠትም እንዲሁ። ጉዳቱ የሚመጣው ውጊያው ሳይበርድ ሲቀር፣ ወይም ጠባቂው የራሱን ቤት እንደ ሌባ መቁጠር ሲጀምር ነው። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ይህንንም በክፍል በክፍሉ አንብቡት፤ ሐኪም ቤት ልትሰሙት ትችላላችሁ።

ቫይረስ ጠባቂውን እንዴት ያሳስተዋል? ሳይንቲስቶች ከአንድ በላይ መንገድ አግኝተዋል። አንዳንድ ጊዜ ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ከቺኩንጉኒያ በኋላ ሕመሙ አልለቅ ካለው ሰው መገጣጠሚያ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ቢመረመር ከተያዘ ከ18 ወር በኋላ የቫይረሱ ቅሪት ተገኝቷል። ሌባው ሮጧል፤ ልብሱ ግን ቀፎው ሥር ወድቋል። ንቦቹም ያንን እየሸተቱ አይበርዱም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የመመሳሰል ነው። የቫይረሱ ገላ አንዳንድ ክፍል ከእኛ ሰውነት አንዳንድ ክፍል ጋር ይመሳሰላል። ጠባቂው የቫይረሱን መልክ በደንብ አጥንቶ ይዟል። ቫይረሱ ከሄደ በኋላ የሚመስለውን ሲያይ «ያው ሌባው ነው» ብሎ ይነሣል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ቫይረስ ነው፤ ኤፕስታይን-ባር ይባላል። የተገኘው በ1956 ዓ.ም. ነው። በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ዴኒስ በርኪት የሚባል ሐኪም በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ዕጢ ያጠና ነበር። የዕጢው ናሙና ከኡጋንዳ በአውሮፕላን ወደ ለንደን እየተላከ አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ መረመሩት፤ ቫይረሱንም በማይክሮስኮፕ አዩት። ከእነርሱ የሁለቱን ስም ይዞ ቀረ። ሦስተኛው ሰው ስሙ ቀረበት፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ይህ ቫይረስ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። በዓለም ካሉ ጎልማሶች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በሰውነታቸው ይዘውታል። አብዛኞቻችን በልጅነት ይዞን፣ ጉንፋን መስሎን አልፏል። ቫይረሱ ግን አይወጣም፤ ተኝቶ ይኖራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሰውነት ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚያደርገው ትግል ከሌላው ሰው የበረታ ሆኖ ተገኝቷል። የቫይረሱ አንድ ክፍል ደግሞ ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጥ የዘር ምልክት ጋር ይመሳሰላል። ሳይንቲስቶች ቫይረሱን የሚጠረጥሩት በዚህ ነው። ብቻውን ግን ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። ሁላችንም ይዘነው ሳለ በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚያዘው ከመቶ ሰው አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነውና።

ታዲያ ያ አንዱ ለምን ይታመማል? ምክንያቱ ብዙ ነገር ሲደራረብ ነው። ዘር አለበት፤ በቤተሰብ ውስጥ በሽታው ካለ አደጋው ከፍ ይላል። ጾታ አለበት፤ ሴቶች ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይያዛሉ። ትምባሆ አለበት፤ የሚያጨስ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። በዚህ ላይ ቫይረስ ሲጨመር ደረቅ እንጨት ላይ እሳት እንደ መጣል ይሆናል። በደም ምርመራ የሚገኘው የበሽታው ምልክት ሰውየው አንድም ጣት ሳያመው ከዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል። እንጨቱ ቀድሞ ተከምሮ ነበር ማለት ነው።

የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶችም አሉ። ልጆችን ጉንጫቸው በጥፊ የተመታ እስኪመስል የሚያቀላ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አለ። ልጁ በሽፍታ ያልፈዋል፤ እናቱን ከያዛት ግን ጣቶቿን ለሳምንታት ያሳብጣል። የጉበት ቫይረሶችም አሉ። ሄፓታይተስ ቢ አንዳንድ ጊዜ ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት በመገጣጠሚያ ሕመምና በሽፍታ ይጀምራል። ሰው ቁርጥማት ነው ብሎ ሲታሽ ቆይቶ ኋላ የወፍ በሽታ መሆኑ ይታወቃል። ይኸኛውን መከላከል ይቻላል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከሚሰጣቸው ክትባት ጋር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አብሮ ይሰጣል። ከሦስቱ አንዱን ያስቀረ ልጅ ካለ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቆይተው እጃቸውን አሳዩኝ። «እስቲ መምህር፣ ይህን ይዩልኝ» አሉ። «ጧት ጧት እጄ የሰው እጅ ይመስለኛል። እርሳሱን ልይዝ ስል ይወድቅብኛል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይፈታል። እንሰት መፋቅ ካቆምሁ ሦስት ወሬ ነው። ልጄ ነው ቡናውን የሚለቅምልኝ።» የሁለቱም እጃቸው አንጓዎች አብጠው ነበር። መሀል ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ከሥሩ ወፍሯል። «ምን አደረጉለት?» ብላቸው ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቷቸዋል። ከዚያ አንድ ሰው ቆዳቸውን በጋለ ብረት ተኩሷቸዋል። ጠባሳው ገና አልደረቀም። «እማማ፣ ይህ የመታሸት ነገር አይደለም፤ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይሂዱ» አልኋቸው።

እኔ መምህር ነኝ፤ በሽታ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። እሳቸው የነገሩኝ ግን ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁትን ነው። ሕመሙ በሁለቱም ጎን ነው ወይ? ትንንሾቹን መገጣጠሚያዎች፣ ጣትንና አንጓን ይዟል ወይ? ጧት ሲነሡ የመድረቁ ነገር ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል ወይ? እብጠቱ ከስድስት ሳምንት አልፏል ወይ? ለእነዚህ መልሱ «አዎ» ከሆነ የራሱን ቤት የሚያጠቃው ጠባቂ ይጠረጠራል። በሥራ ብዛትና በዕድሜ ያረጀ ጉልበት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እሱ ጧት ቶሎ ይፈታል፤ ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከሙበት ውለው ማታ ይብሳል። ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣትን አቅልቶና አሳብጦ የሚያስጮኸው ደግሞ ሌላ ነው። ያልተፈላ ወተት ከመጠጣት የሚመጣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመምም አለ። ሁሉንም ቁርጥማት እያልን አንድ ስም ስለ ሰጠናቸው አንድ መድኃኒት ያላቸው ይመስለናል።

ወጌሻን አልነቅፍም። ስብራትና ውልቃት የሚያቃኑ ጎበዝ ወጌሾች አሉን። ያበጠና የሚሞቅ መገጣጠሚያ ግን ወልቆ አይደለም፤ ተቆጥቶ ነው። የተቆጣን ነገር ማሸት ማስቆጣት ነው። መተኮስ ደግሞ በሕመም ላይ ቁስል ይጨምራል እንጂ ወደ ውስጥ አይደርስም።

መዘግየት ለምን ይጎዳል? ሩማቶይድ አርትራይተስ በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው አጥንቱን የሚበላው። የተበላ አጥንት አይመለስም። ጣት አንዴ ከተጣመመ መድኃኒት አያቃናውም። ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት ግን ጣቱ ሳይጣመም በሽታውን ሊገታው ይችላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግሜ እላለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን። በየቀኑ ቢወሰድ ይገድላል። ነፍሰ ጡርም አትወስደውም። ሌላው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲሆን፣ ለወባ ከምናውቀው ከክሎሮኪን ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ነው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በየገበያው «የቁርጥማት ኪኒን» ተብሎ በፍሬ የሚሸጥ አለ። አንዳንዱ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው። ይህ መድኃኒት የጠባቂዎቹን ቁጣ ባንዴ ያበርዳል፤ ሰውየው በማግሥቱ ዘሎ ይነሣል። በዚህም ይወደዳል። ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል፤ በመጠንና ለተወሰነ ጊዜ። ሰው ግን ራሱ ገዝቶ ለወራት ሲውጠው ፊቱ ያብጣል፤ አጥንቱ ይሳሳል፤ ስኳር ይነሣበታል፤ ሌላ በሽታ ሲገባም ጠባቂው ተኝቶ ያገኘዋል። ብዙ ቆይቶ በድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ስለዚህ እየወሰዳችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ አትጣሉት፤ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ቫይረስ አይደለም፤ ባክቴሪያ የሚባል ሌላ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የሳቱት ጠባቂዎች ግን እነዚያው ናቸው። ልጅ ጉሮሮውን ታመመ፤ እኛ ቶንሲል እንላለን። ዳነ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል። ከዚያ ጉልበቱ ይሻለውና ቁርጭምጭሚቱ ይያዛል። ከዚያ ክርኑ። ሕመሙ እየዞረ ይሄዳል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ሐኪሞች የሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ምንም አይቀርበትም። ጠባቂዎቹ ግን በዚያው ስሕተት የልብን በር ያበላሻሉ። የልብ በር ማለት ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ነው። እሱ አንዴ ከተበላሸ ልጁ አድጎ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ሴት ልጅ ከሆነች በእርግዝናዋ ጊዜ አደጋ ላይ ትወድቃለች። በአገራችን በወጣትነታቸው የልብ ሕመምተኛ ከሚሆኑት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ይህን ሁሉ ያስቀራል። አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳይደገምበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ ደም ማፍሰስና ቁስል ብቻ ነው ትርፉ። እኛ መምህራን ጉልበቱን አሞት ከክፍል የቀረ ልጅ ሲመለስ «ከሳምንታት በፊት ጉሮሮህን አሞህ ነበር?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

አሁን ስለ ትንኟ ያንጠለጠልሁትን ልጨርስ። እንቁላሏን ከውሃው በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፈው። ውሃውን ብትደፉት እንቁላሉ ተለጥፎ ይቀራል፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ በርሜሉንና እንስራውን በሳምንት አንድ ጊዜ ደፍቶ ግድግዳውን በብሩሽ ወይም በገለባ መፈተግ ነው። ከዚያ መክደን። ውሃ የሚቋጥር ጎማና ጣሳ ከግቢ ማስወገድ። ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርግ። ወባ ካልሆነ ለሐኪሙ ከየት እንደመጣ ይንገረው። እስኪመረመር ድረስ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰድ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን አይውሰድ። ምክንያቱም ደንጊ የሚባል ሌላ ቫይረስ በተመሳሳይ ትንኝ ይመጣል፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚያው በድሬዳዋ ተነሥቶ ነበር። ደንጊ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ መፍሰሱን ያብሱታል።

በመጨረሻ የዛሬውን የጽሕፈት ሥራ ልስጣችሁ። መገጣጠሚያችሁን የሚያማችሁ፣ ወይም በቤታችሁ የታመመ ሰው ያላችሁ፣ ደብተራችሁን አውጡ። ሐኪም ፊት ስንቀርብ እኮ የምንናገረው ይጠፋናል። «መቼ ጀመረህ?» ሲባል «ቆየ» እንላለን። «የቱ ጋ ነው?» ሲባል «ሁሉም» እንላለን። አሁን ግን መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ እንዲህ እያላችሁ ጻፉ፦

«ዕድሜዬ 38 ነው። የጀመረኝ በጥቅምት ነው። ከዚያ በፊት 4 ቀን ትኩሳት ነበረኝ። የሚያመኝ የሁለቱም እጄ ጣትና አንጓ ነው። ጧት 1 ሰዓት ያህል አይታጠፍም። ያበጡት 3 ጣቶች ናቸው። ዓይኔ ቢጫ አልሆነም። ወደ ቆላ አልሄድሁም። እናቴም እንዲህ ያማት ነበር። የወሰድሁት መድኃኒት ይህ ነው።»

የመድኃኒቱን ስም ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ወረቀቱን መጀመሪያ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሳዩ። እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች፤ ካስፈለገም ከዚያ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል። ወረቀቱን አጥፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት። አንድ ቅጂ ደግሞ ቤት አስቀሩ። በወሩ ሕመሙ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ከሥሩ ትጽፉበታላችሁና፤ ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ የሚጠይቀው ያንን ነው።

ደህና እደሩ።